የዘይቱ መስመር

ሐኪሙ ኮሌስትሮሏ መጨመሩን የሚያሳየውን የደም ውጤት አስቀመጠና «እስቲ አንገትጌዎን ከፈት አድርገው ይህን ውኃ ይዋጡ» አላት። የልብስ ሰፊዋ ጣቶች ዝለው ስለነበር ቁልፉን ለመፍታት ጊዜ ወሰደባት። ወፈርኩ ብላ ያንን አንገትጌ ዘንድሮ ሦስት ጊዜ በገዛ እጇ ተርትራ አስፍታው ነበር፤ አንገቷ ለምን እንዳበጠ ግን ልብ አላለችም።

ስትውጥ ጉሮሮዋን ትኩር ብሎ አየ። «ጥፋቱ የምግብዎ አይደለም፣ እናቴ። ታይሮይድ የምትባለው የአንገትዎ ዕጢ ሥራዋን አቀዝቅዛለች። እሷ ስትደክም ጉበት ኮሌስትሮሉን ከደም ማጽዳት ያቅተዋል። የሚሰማዎት ድካምም ብርድም ከእሷ ነው፤ በመድኃኒት ይስተካከላል።»

ዓመቱን ሙሉ ያለ ዘይት ቀቅላ የበላችው ጎመን ጉሮሮዋ ላይ የመጣ መሰላት። ባሏ ዘይቱ መጉደሉን ለመቆጣጠር በጠርሙሱ ላይ በየቀኑ በእስክሪብቶ መስመር ያሰምር ነበር። ኮሌስትሮሏ በጨመረ ቁጥር «ተደብቀሽ እየበላሽ ነው!» ይላታል። ባለፈው ወር መከራከሩ ታክቷት፣ እንቅልፏን እንድትተኛ ብቻ «አዎ፣ በልቻለሁ» ብላው ነበር።

ሐኪሙ የመድኃኒት ማዘዣውን ሰጣት። አገላብጣ አየችው።

«ሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ ‹አልበላችም› ብለው ይጻፉልኝ» አለችው፤ «ማኅተምም ይምቱበት።»