በሩ ወዴት ይዙር

ግንበኛው ጀብሪል የመሠረቱን መስመር በኖራ አስምሮ ሲያበቃ ቀና አለ። «እትዬ ሁሪያ፣ በሩን ወዴት ላዙርልዎ? ከፈለጉ ወደ ጓሮ እናድርገው፤ ከመንገድ ይሰወራል።»

ሁሪያ ወደ መንገዱ ተመለከተች። በጦርነቱ የፈረሰው ቤቷ በሩ ወደ መርሳ ከተማ ወደሚወስደው አስፋልት የዞረ ነበር፤ ታንኮቹም የመጡት በዚያው ነው። አሁን ግን ፍርሃቱ እንኳ አልመጣባትም፤ ገላዋ የተውሶ ይመስል ደንዝዟል። «ወደ ጓሮ ይሁን» ልትል ስትል አንድ ባጃጅ መንገዱ ዳር ቀስ አለ።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ፤ ሊሠሩ ነው? አላህ ያስጨርስዎ» አላት ሾፌሩ።

«ወአለይኩም ሰላም፤ አሚን።» ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ባጃጁ እስኪርቅ አየችውና በአስፋልቱ በኩል ባለው መስመር ላይ ሄዳ ቆመች። እግሯ አሁንም አይሰማትም።

«እዚህ ጋ አድርገው ልጄ» አለችው። «በጓሮ በኩል ማን ሰላም ይለኛል?»