የወንዝ ዳሩ መንገድ ሲከፈት

ማንም ከሰፈሩ እንዳይወጣ የሚከለክለው ሕግ ከአርባ ዓመት በኋላ ተሻረ። በማግስቱ ትርንጎ መንደሮቹን የሚያገናኘውን የወንዝ ዳር መንገድ ተያያዘችው። አስፋልቱ ለጥ ያለ ቢሆንም እግሯ ሩቅ መሄድ አልለመደምና እያረፈች ሄደች።

እሷ ልጅ ሳለች ማዶ ሰፈር የተዳረችው ታላቅ እህቷ ዘርፌ ድልድዩ ጋ ስትጠብቃት አገኘቻት። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ፊቷን በስክሪን ብቻ ነበር የምታየው። ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ትርንጎ በግምት የሠራችላትን ሹራብ አለበሰቻት፤ ጉልበቷ ድረስ ወረደ።

«እትዬ፣ እንዲህ አጭር ነሽ እንዴ? ያኔ እኮ ቀና ብዬ ነበር የማይሽ!»

ዘርፌ እጅጌውን እየሰበሰበች ሳቀች። «በይ፣ ቤት እንግባ።»

«ቤቱ ይቆየን። መጀመሪያ መንገዱን እንጨርሰው።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ወንዙን ተከትለው ወረዱ። በየመንደሩ ሰው እልልታውን ሲያቀልጠው፣ ማንም «ወዴት ናችሁ?» ሳይላቸው የመጨረሻው መንደር ገቡ።