የፍግ ሌባ

ፋንታ ከብቸና ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖር፣ ስድስት ከብት ያለው፣ ከመንደሩ ሰው ሁሉ እኔ ብልጥ ነኝ ብሎ የሚያምን ገበሬ ነው። ከስድስቱ ሁለቱ በሬዎች ናቸው። ከሁለቱ ደግሞ ነፍሱ የምትወደው ቦራን ነው።

ማሳው ግን ብልጠቱን አላወቀለትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ይበቅላል፣ ከጉልበት ሳያልፍም ይቀራል። ጎተራው ሐምሌን ሳያይ ይራቆታል። ሚስቱ አገሬ፣ «ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ቦራን ሽጠን እህል እንሸምታለን» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። አንድ በሬ የቀረው ሰው መቀናጆ ፍለጋ የሰው ደጅ ይጠናል፤ የሚያርሰውም ሌላው በፈቀደለት ቀን ነው።

ከሁሉ የከነከነው የጎረቤቱ የእትዬ ይርጋነሽ ማሳ ነበር። ድንበራቸው አንድ፣ ዝናባቸው አንድ። እሳቸው ባልቴት ናቸው፤ ያሏቸው ሁለት ፍየሎችና ሁለት የንብ ቀፎ ብቻ ነው፤ የሚያርስላቸውም የእህታቸው ልጅ ነው። ስንዴያቸው ግን ሰው ቢገባበት ይሰውራል።

ደግሞ ሞኝ ናቸው፤ ፋንታ እንደዚያ ነው የሚላቸው። አዝመራው እንደተሰበሰበ ማሳቸውን በእሾህ ያጥራሉ። ሦስቱን ወገን አጥብቀው ያጥሩና በፋንታ በኩል ሲደርሱ ጉልበታቸው ያልቃል መሰል፣ ሰፊ ክፍተት ትተው ይገባሉ። ከዋንዛው ሥር ትልቅ የእንጨት ገንዳ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ ይሞሉታል። «ለንቦቼ ነው» ይላሉ። ከዚያ ብቸና ወዳለው የልጃቸው ሱቅ ይወርዳሉ፤ ማታ ካልሆነ አይመለሱም።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። እሳቸው ከዓይን ሲሰወሩ ፋንታ ከብቶቹን በክፍተቱ ያስገባል። ከአጨዳ የተረፈውን የስንዴ አገዳ ሲግጡ ይውላሉ፤ ንቦቹ ይቅር ይበሏቸውና ከገንዳውም ይጠጣሉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ያወጣቸዋል። የራሱ ጭድ ሳይነካ ክረምት ይደርስለታል።

በጥር የግብርና ባለሙያው ስጦታው መጣ። ከፋንታ ማሳ አፈር ዘግኖ አሸ፣ አሸተተም። ከእትዬ ይርጋነሽ ማሳም እንዲሁ አደረገ።

«የእሳቸው አፈር ጠግቧል፤ ያንተ ተርቧል» አለ። «ስድስት ከብት እያለህ ፍጉ የት ይሄዳል?»

ጥያቄው ፋንታን እንቅልፍ ነሳው። ከበረቱ ጀርባ ያለውን የፍግ ቁልል ዞሮ አየው። እውነትም የስድስት ከብት አይመስልም፤ ቢበዛ የሦስት ነው። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለው። እትዬ ይርጋነሽን ማለዳ ማለዳ አካፋና ቅርጫት ይዘው፣ እጃቸው በፍግ ተለውሶ ከማሳቸው ሲወጡ አይቷቸዋል። ሁለት ፍየል ያለው ሰው ያን ያህል ፍግ ከየት ያመጣል?

«የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ» አላት አገሬን።

«ማንን ነው የምትለው?» አለች አገሬ።

በዚያው ሰሞን ለለቅሶ ሞጣ ሄዶ ነበርና ከሙሂዲን ሱቅ ሽቦና ጠንካራ ቁልፍ ገዛ። ሙሂዲን ምን ሊቆልፍበት እንደሆነ ጠየቀው።

«ፍግ» አለ ፋንታ።

ሙሂዲን ሃያ ዓመት ቁልፍ ሸጧል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ግን ገጥሞት አያውቅም።

ፋንታ ቁልሉን በሽቦ አጠረ፣ በር ሠራለት፣ ቆለፈ። ሌባዋን እጅ ከፍንጅ እስኪይዝም ከቤቱ ላለመራቅ ቆረጠ። ከብቶቹን ከደጁ አስሮ የራሱን ጭድ እያበላ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ጀመር። ወር ሳይሞላ ቁልሉ እጥፍ ሆነ።

«አየሽ?» አላት አገሬን። «ቁልፉን ሲያዩ ተዉ።»

ቁልሉ ሲያድግ ግን ጭዱ አለቀ። ሚያዝያ ላይ የቦራ የጎን አጥንት ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። አገሬ፣ «ሳይወድቅ ለገበያ ይድረስ» አለች። ፋንታ ወደ በረቱ ሄዶ የቦራን አንገት እያሻሸ አለቀሰ። የእትዬ ይርጋነሽ የጭድ ክምር ደግሞ ማንም ሳይነካው ከአጥሩ ማዶ ቆሟል። ለሰረቁት ፍግ ካሳ ጭድ ይስጡኝ፣ በሬዬም ይትረፍልኝ ብሎ ነገሩን ለሽማግሌ ነገረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀመጡ። መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል አቤቱታውን እንዲያሰማ ፈቀዱለት።

«ከብቶቼ ያው ስድስት ናቸው» አለ ፋንታ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ፍጌ ጎደለ። ስቆልፍበት ሞላ። የእሳቸው መሬት ጠግቧል፣ የኔ ተርቧል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ባለሙያው ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ ውሃ የሚያነሳ ነበር።

«ይርጋነሽ» አሉ መሪጌታ፣ «የፋንታ ፍግ ማሳሽ አልገባም ብለሽ ትምያለሽ?»

«ኧረ አልምልም አባቴ። ገብቷል።»

ፋንታ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ።»

«በዚህ ዕድሜሽ ያን ሁሉ ፍግ ማን ተሸከመልሽ?»

እትዬ ይርጋነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ፋንታ ዞሩ።

«ቦራና ጓደኞቹ ናቸው የሚያመጡልኝ፤ ምነው ልጄ፣ ከጥር ወዲህ ቀሩብኝሳ? አጥሩን እኮ እስካሁን አልዘጋሁትም፤ ገንዳውም ውሃ እንደሞላ ነው።»