የመስቀል ወፍ በኅዳር

«ስሜን አውጪው» ይላል አባቴ፣ ዓይኑን ከቄጠማው ሳያነሳ። «ፖስተሩ ላይ የአንቺ ብቻ ይጻፍ።»

ያልሰማሁ መስዬ የካሜራውን ትራይፖድ ጭቃው ላይ ጠበቅ አድርጌ እተክላለሁ። ሀቢቾ ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ከእንሰቱ ማዶ፣ ምንጩ በሚያረጥበው ሜዳ ዳር ሁለት ዱካ አውጥተን ተቀምጠናል። ኅዳር ተጋምሷል፤ የጠዋቱ ብርድ ጣት ይቆረጥማል።

ፖስተሩ «የሀቢቾ ወፎች» ይባላል። ሃያ አራት ፎቶ አለው። ፎቶዎቹን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ የጻፈው ጡረተኛው መምህር አባቴ ነው። ሰኞ ሆሳዕና ከተማ ማተሚያ ቤት ይገባና በወረዳው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይሰቀላል። በሃያ ሦስቱ ተስማምተናል። የቀረን አሥራ ሰባተኛው ነው። አባቴ በዚያ በሚያምር የሰሌዳ ጽሕፈቱ እንዲህ ብሎበታል፦ «የመስቀል ወፍ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመስከረም ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ።»

ስህተት ነው። ወፉ የትም አይሄድም። ወንዱ ቀይ ላባውን የሚለብሰው በሚራባበት ወቅት ብቻ ነው፤ ሲጨርስ አውልቆ እንደ ሚስቱ ቡናማ ይሆናል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ድንቢጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ግን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየእረፍቴ እዚህ ጭቃ ላይ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ስለዚህ አልለቅም። የአባቴን ስምም አላወጣም። የመጀመሪያዎቹን የወፍ ስሞች ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ስሙ የሌለበት ፖስተር ለእኔ ባዶ ወረቀት ነው።

«ሰው ሲጠፋብን ምን እንለዋለን?» ይለኛል።

«የመስቀል ወፍ ሆንክ።»

«ለምን?»

«አባዬ…»

«በዓመት አንዴ ስለምትመጣ ነዋ! አገር ምድሩ ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ? ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ እኮ፣ ጣቢታ።»

«አገር ምድሩ ይተርታል እንጂ ቄጠማ ውስጥ አይቀመጥም።»

ፈገግታውን በጋቢው ጫፍ ይሸፍናል። አባቴ መልስ የማያጣ ሰው ይወዳል፤ የማይወደው መሸነፍን ነው።

ከታጨደው ስንዴ ማሳ አንድ መንጋ ቡናማ ወፍ ተነስቶ ቄጠማው ላይ ይሰፍራል። «ድንቢጥ» ይላል አባቴ ወዲያው። እኔ በሌንሱ አንድ በአንድ እፈትሻለሁ። ሰባተኛው ላይ እጄ ይቆማል።

«ና እይ።»

መነጽሩን አውልቆ ጎንበስ ይላል። ምን እንደሚታየው አውቃለሁ፦ ራሱ ቡናማ፣ አንድ ጎኑ ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ግን ቀዩ ገና ያልለቀቀ፣ እዚህም እዚያም የተጣጣፈ ወፍ።

«ታሟል እንዴ?» ይላል።

«አልታመመም። እየቀየረ ነው። በጥር ብትመጣ ከድንቢጥ አትለየውም።»

ወፉ ላባውን በመንቁሩ ሲያበጥር፣ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ሲዘል፣ አባቴ ትንፋሹን ውጦ ይከተለዋል። ሌሎቹ በረው ሲሄዱ እንኳ አይነሳም። በመጨረሻ ዱካው ላይ ተመልሶ ይቀመጣል።

«እንድርያስ» ይላል።

«የትኛው እንድርያስ?»

«ሾኔ ከተማ የመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ያለው። አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ቤተሰቦቹ እዚህ ውሃው ዳር ማሽላ ነበራቸው፤ እሱ ነበር ከወፍ የሚጠብቀው።» ጋቢውን ይስባል። «ፈተና ላይ የመስቀል ወፍ ከጥቅምት በኋላ ወዴት ትሄዳለች ብዬ ጠየቅሁ። ‹የትም፤ ልብሷን ትቀይራለች› ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ክፍሉ ፊት አነበብኩት። ልጆቹ ሳቁበት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ኤክስ አደረግሁበት።»

ማሸነፍ ፈልጌ ነበር፤ አሁን ግን ደስ አላለኝም። የካሜራውን ማንገቻ እጠቀልላለሁ። አባቴ ስልኩን አውጥቶ ይደውላል። ጆሮው ስለደከመ ስፒከር ላይ ያደርገዋል።

«ቲቸር! ምነው በጠዋቱ፣ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፣ እንድርያስ። ስለ አንድ ፈተና ነው።» ከዚያ ሁሉንም ይነግረዋል፤ ጥያቄውን፣ መልሱን፣ ሳቁን፣ ኤክሱን።

እንድርያስ ይስቃል። «ኧረ ቲቸር! ይሄን ሁሉ ዓመት ይዘውት? እኔማ ረስቼዋለሁ።»

«ልክ ነበርክ።»

በስልኩ ውስጥ ከሱቁ በስተኋላ ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማል።

«አውቃለሁ፣ ቲቸር» ይላል እንድርያስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባቴ እጁን ይዘረጋልኛል፤ የፖስተሩን ረቂቅ እሰጠዋለሁ። አሥራ ሰባተኛው ፎቶ ሥር ያለውን ሁለት መስመር በእስክሪብቶ ይሰርዘዋል።

«በል አንተ ንገረኝ፤ እኔ እጽፋለሁ» ይላል።

«እኔ? ምን ብዬ?»

«ማሽላው ጋ ሆነህ ያየኸውን።»

እንድርያስ መጀመሪያ ይደናቀፋል፤ ከዚያ ይፈታል። ክረምት ላይ ቀዩ እንዴት ከአንገት እንደሚጀምር፣ በኅዳር እንዴት እንደሚረግፍ፣ በበጋ ከመንጋው ውስጥ በድምፁ እንዴት እንደሚለየው እየተቻኮለ ያወርደዋል። እኔ ያልደረስኩበት ነገር ሁሉ አለው። አባቴ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል።

«ቀስ በል» ይላል። «አልደረስኩብህም።»