የአጥናፉ ሻወር

መብራቱ፣ ውሃውና ስልኩ ተያይዘው ከተቋረጡበት ክረምት ወዲህ ከተማዋ የምትኖረው የየቤቱን ፍጆታ አስቀድሞ በሚተምነው ሞዴል ነው። እያንዳንዱ ቤት በየነዋሪው ስም በተመዘገበለት ሰዓት፣ በተመዘገበለት ልክ ብቻ ይጠቀማል። ማብዛት ብቻ ሳይሆን ማጉደልም መስመሩን ያናጋል፤ መስመሩ ሲናጋ ደግሞ የውሃ ፓምፑ ይቆማል።

አጥናፉ ከሞተ አራት ወሩ ነው። ሞዴሉ ግን የሚታረመው በዓመት አንዴ ስለሆነ፣ ሚስቱ እጅጋየሁ በየጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእሱን ሻወር ትከፍታለች። ሙቁ ውሃ ለስምንት ደቂቃ ባዶ ወለል ላይ ይወርዳል። እሷ ከሶፋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ሶፋው ትንጎራደዳለች። ይቅርልኝ ብላ ሦስት ጊዜ አመልክታለች።

ዛሬ ውሃው እየወረደ ሳለ አንዲት ወጣት የሞዴል ክፍሉ ሠራተኛ ደወለችላት።

«ወይዘሮ እጅጋየሁ፣ የዓመቱ እርማት ስለደረሰ ማመልከቻዎ ጸድቋል። ከነገ ጀምሮ ሻወሩን እንዳይከፍቱት።»

«ነገ?» አለች። «ነገማ አይሆንም።»

«ያመለከቱት እኮ እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ።» ዞር ብላ የመታጠቢያ ቤቱን በር አየች። «በእሱ ስም የተመዘገበ ሌላ ነገር የለም? ሬዲዮም ቢሆን፣ አንድ አምፖልም ቢሆን።»

ልጅቷ ስትፈልግ ቆየች።

«የለም፣ እትዬ። ሌላው ሁሉ በእርስዎ ስም ነው።»