ካሰች የጠበቀቻት ፒካፕ

እስቲ ቀረብ በሉ፤ ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ ድምፄን ሊውጠው ነው። በቆሎውን እያገላበጥኩ ላጫውታችሁ። እኔ እንደሆነ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ከሙሴ ጋራዥ በር ላይ በቆሎ ስጠብስ ስንት ዘመኔ፣ የሚታየውን አያለሁ።

ነገሩም የሆነው በእንዲህ ያለ ክረምት ነው። ባህሩ የሚባል፣ ከቱላ አቮካዶ እየጫነ ገበያ የሚያወርድ ሰው አለ። ያቺ አሮጌ ፒካፑ እንጀራው ናት። አንድ ቀን ሞተሯ ይጮኻል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም። አውቶማቲክ ናት። ሙሴ ከሥሯ ገብቶ ወጣና፣ "ካምቢዮዋ አብቅቶለታል፤ ሌላ ይግባላት" አለ። ባህሩም ያገለገለ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ አስመጣ።

ባህሩ ደግሞ ሰው አያምንም። መካኒክ ሁሉ ደህናውን ዕቃ ፈቶ የሚሸጥበት ይመስለዋል። የልጁን የሃሴትን ቀይ የጥፍር ቀለም ይዞ መጣና የብሎኖቹን አናት አናት ቀባው።

"ሠርግ አለባት እንዴ?" አለው ሙሴ።

"የእኔ መሆናቸው እንዲታወቅ ነው።"

ይህም አልበቃውም። እሱ በሰው መኪና ሊሠራ ሲሄድ፣ ታላቅ እህቱን ካሰችን በርጩማ ላይ ጠባቂ አድርጎ አስቀመጣት። ካሰች ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤቷና ከጸሎት ቤት ሌላ አታውቅም ነበር። ዳንቴሏን በዘንቢል ይዛ፣ ፊቷን ቋጥራ መጣች።

"ዓይኔን ካንተ ላይ አላነሳም" አለችው።

"እርስዎ ይመልከቱኝ፣ እኔ ልሥራ" አላት ሙሴ። እሱም ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ ምሳው ዳቦ በሻይ።

እውነቷን ነው፣ ዓይኗን አላነሳችም።

አሮጌው ካምቢዮ ወረደ። ካሰች ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ብሎኖቹን ቆጠረችና ለወንድሟ ደወለች። አንዱ የለም። ባህሩ እየበረረ መጣ።

"ሙሴ፣ ብሎኔስ?"

"እዚች ሳህን ላይ ነበር።"

"ሳህኗ በላችው?"

ያ ብሎን እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ሙሴ አሮጌ ዕቃ ተራ ሲዞር ውሎ ሌላ አገኘ። ካምቢዮውን በክሪክ አንስቶ ከሞተሩ ጋር ሊያጋጥም ሲል፣ ደግሞ ሁለተኛ ጎደለ። ብሎን ሳይሟላ ቢታሰር መንገድ ላይ ይላቀቃል፤ ሥራው ቆመ። ቀጥሎ ሦስተኛ፣ ቀጥሎ አራተኛ።

ሰፈሩ ማውራት ጀመረ። ደንበኞች መኪናቸውን እያስነሱ ወጡ። መካኒክ ስሙ ከጠፋ ምን ይቀረዋል? ሙሴ ግን አንገቱን ደፍቶ ብሎን ይፈልጋል።

"ጎትቼ ሌላ ጋራዥ እወስዳታለሁ" አለ ባህሩ።

"የትም አትወስዳትም" አለች ካሰች። "ሌባ የሚያዘው እቦታው ነው።"

"አንቺ ተቀምጠሽ አይደል እንዴ የሚሰርቀው?"

"እንግዲያው ጠጋ ብዬ እቀመጣለሁ።"

ጠጋ አለች። ሲበላ ይዘናጋል ብላም ምሳ ታመጣለት ጀመር። እኔም፣ "ካሱ፣ ዳንቴሉ አላድግ አለሳ?" ስላት፣ "ዓይኔ ሌባው ላይ ሆኖ እጄ እንዴት ይሥራ፣ እማማ?" አለችኝ። አንድ ቀን ዝናቡ ሲያይል ሙሴ ዘንቢሏን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ። "ክር ነው፣ አይከብደኝም" ብላ ጉያዋ ከተተችው። ሲያመናጭቁት አያሳዝንም?

አንድ ቀን ታዲያ ምሳውን በልቶ እጁን እየጠራረገ ሲናገር ሰማሁት።

"ካሱ፣ ይቺ መኪና ካለቀችም በኋላ ትመጫለሽ?"

መልሷን አልሰማሁም፤ በቆሎ ገዢ መጣብኝ። ብቻ ከዚያን ቀን ወዲያ ብሎን አልጎደለም። "ሌባው አፈረ" አለ ሰፈሩ። የጎደሉት ብሎኖች ተተክተው ካምቢዮው ገጠመ፣ ዘይቱ ተሞላ፣ ፒካፗም ማርሽ ይዛ በራሷ እግር ወጣች።

ባህሩ ይኸው ዛሬም ከቱላ ይጭናል፤ ካምቢዮዋ አንድም ቀን አላስቸገረውም። የሸሹት ደንበኞችም ተመልሰዋል። ሙሴና ካሰች በጥር ተጋቡ። ባህሩ በሠርጉ ቀን ሳይቀር፣ "እታለም፣ ከሌባ ጋር ነው የምትኖሪው፣ ዕቃሽን ጠብቂ" ይላት ነበር። ሙሴ ይስቃል። ዳንቴሉም አልቋል አሉ፤ ባህሩ ሊጠይቃቸው በሄደ ቁጥር ግን፣ "ታጥቦ አልደረቀም" ትለዋለች።

ባለፈው እኔ ሳልነግራቸው ሄድኩባቸው፤ ዳንቴሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፣ ቤታቸው ሐይቅ ዳር ነውና ንፋሱ እንዳያነሳው በአራቱ ማዕዘን አናቱን ቀይ የተቀባ ብሎን ተንጠልጥሎበታል።