ድንጋዩን ማን ጨረሰው

አያ ቃሲ የራዲዮውን ቁልፍ አዞረው። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት የመስታወት አምፑሎች እንደ ልማዳቸው ጭል አላሉም። ደግሞ አዞረው። አንድ ድምፅ ከሩቅ ጀመረና ጠፋ።

“ድንጋዩ አልቋል” አለ።

“እሳት ዳር ላሙቀው፣ አባባ?” አለች ድህቢያ፣ የልጁ የሉኔስ ሚስት።

“እስቲ አሙቂው።”

ጡብ የሚያክለውን የራዲዮ ድንጋይ ምድጃው አጠገብ አኖረችው። ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። የሽማግሌው ዓይን ግን እሷ ላይ ነው። ኩል ተኩላለች። ባሏ ፈረንሳዮቹን ሊወጋ ጁርጁራ ተራራ ከገባ ወዲህ ተኩላ አታውቅም ነበር።

ድንጋዩ የብርዱን ወራት ሊያሻግር የታሰበ ነው። ሣጥኑን የሚከፍተው ለማታው ወሬ ብቻ፣ ከዚያ ድንጋዩን ይነቅለዋል። ልጁ ይኑር ይሙት የሚሰማው ከዚያ ሣጥን ካልሆነ ከየትም አይደለም። አዲስ ድንጋይ ደግሞ ያለ ፈረንሳዮቹ ማኅተም አይሸጥም።

ያን ማታ የሞቀው ድንጋይ ወሬውን እንደ ምንም ጨረሰለት። ሲነቅለው መሰኪያው አፍ ላይ አንድ ገለባ አስቀመጠ።

በማግስቱ ገለባው መሬት ላይ ነበር። የድምፁም ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሏል።

“ነክተሽዋል?”

“አቧራ ስጠርግ ይሆናል፣ አባባ።”

በጋጣው በኩል ሳል ተሰማ።

“ይኼም በሬ ጉንፋኑ አልለቀው አለ” አለ ሽማግሌው። ድህቢያ እንጨት ጨመረች።

ሐሙስ ገበያ ነው። ሐሙስ የፈረንሳዮቹ መቶ አለቃ ይጠራዋል። ቤቱን በጸደይ ፈትሸውታል፤ ከዚያ ወዲህ የሚፈትሹት ፊቱን ነው።

“ልጅህ የት ነው?” አለው አስተርጓሚው።

“አላውቅም።”

መቶ አለቃው ዓይኑን አየው፣ ጆሮውን አየው። “ሽማግሌው አይዋሽም። ይሂድ።”

ጎረቤቱ ሜዚያን ውጭ ቆሞ ይስቃል። “ዛሬም ጆሮህ አወጣህ! በቅሎዋን ልትሸጥ የወጣህ ዕለት ትዝ ይልሃል? ‘አታነክስም’ ስትል ጆሮህ በርበሬ መስሎ፣ ገዢው እየሳቀ ሄደ።”

“ተወኝ።”

“ይልቅ ቤትህን ጠብቅ። ምራትህ ስትዘፍን ሚስቴ ሰምታታለች። ባሏ ዱር፣ ደስታው ከየት መጣ?”

የአያ ቃሲ ጆሮ ቀላ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት በሬውን ለሜዚያን እርሻ አዋሰ። የወይራ ፍሬ ማራገፊያ ዱላውን ይዞ ወረደ፤ ምንጩ ጋ ሲደርስ እስከ ቀትር ተቀምጦ ቆየና ተመለሰ። ፀሐይ አናት ላይ ናት። በዚያ መንደር ቤት በቀን የሴት ነው። በዚያ ሰዓት ደጁን የሚረግጥ ወንድ ወይ ታሟል፣ ወይ ነውር አለበት። ሽማግሌው በዕድሜው አድርጎት አያውቅም።

በሩ ተቀርቅሯል። ከውስጥ ወንድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል።

“ክፈቺ!”

ድምፁ ተቆረጠ።

“አባባ? በዚህ ሰዓት? ምን ሆነህ ነው?”

“ክፈቺ አልኩ!”

ከፈተች። ሣጥኑ መደርደሪያው ላይ የለም። ሽቦው ከጋጣው በላይ ወዳለው ቆጥ፣ ወደ እህል ጎታዎቹ ወጥቷል። ድህቢያ መሰላሉ ፊት ቆመች።

“ማነው እላይ ያለው?”

“በአላህ ይዤሃለሁ፣ አባባ፣ ተመለስ። አላየህም፣ አልሰማህም። ወይራህ ጋ ሂድ።”

“በልጄ ቤት! በልጄ ድንጋይ!”

ከባዶው ጋጣ በላይ ያ የበሬው ሳል ተሰማ።

ገፍቷት አለፈ። ዱላውን ከፍ አድርጎ ወጣ። ከጎታው ጀርባ አንድ ጺማም ሰው፣ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሣጥኑን ጆሮው ሥር አድርጎ ተኝቷል።

ዱላው እንደተነሣ ቀረ።

“ምነው፣ አባ፣ ምነው መጣህ?” አለው ሉኔስ። “ነገ እኮ ሐሙስ ነው።”